የአማቹ ሰንጢ

ሸረፋ ከሠርጉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡታጅራ አማቶቹ ቤት የመጣው ለአረፋ በዓል ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ ያለው መንገድ ገና አስፋልት አላየም። መርካቶ ውስጥ ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ የነበረው ይህ ወጣት ነጋዴ፣ ሚስቱን ከድጄን አስከትሎ ከአውቶቡስ ሲወርድ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሶ ነበር።

የከድጄ እናት ዘይባ ውሃ ጥዳ ነበር የጠበቀቻቸው። ዘይባን ሰፈሩ የሚያውቃት በንጽሕናዋ ነው። የሥጋ ቢላዋ ለብቻ፣ የቆጮ መቁረጫዋ ለብቻ ነው፤ ሥራዋን ስትጨርስ ሁለቱንም በፈላ ውሃ አጥባ፣ በኮባ ጠቅልላ ትሰቅላቸዋለች። ሰው በሥጋው ቢላ ሽንኩርት ሲልጥ ካየች ከእጁ ትቀማዋለች። ባሏ አሚኑ ከቆሼ ገበያ በርበሬ እየሰበሰበ ለአዲስ አበባ ነጋዴዎች የሚያስረክብ ዝምተኛ ሰው ነው፤ በዚህ ጠባይዋ አንዳንዴ ይስቃል እንጂ ተናግሯት አያውቅም።

ከአማቿ ፊት ግን እንደ ልቧ መሆን አትችልም። ባደገችበት ቤት ወግ፣ አማት ለልጇ ባል ፊቷን ገልጣ አትቀርብም፤ ስሙን አትጠራም። በዕድሜ ልጇ የሚሆነውን ሰው «እርስዎ» እያለች ነው የምታነጋግረው፤ እሱም የግድ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ የእግር ውሃውን በከድጄ ላከችለትና እሷ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቀረች።

ሸረፋ ከክፈፉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ እግሩን ታጠበ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተና ቀይ እጀታ ያለው ሰንጢ አወጣ። ተራ ሰንጢ አልነበረም። ስለት፣ መቀስ፣ ወስፌ፣ ሞረድና የቆርቆሮ መክፈቻ አንድ እጀታ ውስጥ ታጥፈው የተሰገሰጉበት፣ ያን ጊዜ ከተማ ደርሶ የተመለሰ ወጣት ሁሉ የሚመኘው ዓይነት ነው። ሸረፋ ትልቁን ስለት ፈልቅቆ ከፈተና የአውራ ጣቱን ጥፍር ሥር ይጎረጉር ጀመር። ጥቁር ነገር ወጣ። ትኩር ብሎ አየውና መሬት ላይ አራገፈው። ቀጥሎ ወደ ተረከዙ ዞረና ውሃው ያራሰውን የሞተ ቆዳ በስሱ እየላጠ ጣለ። አንዱ ልጣጭ ስለቱ ላይ ተጣብቆ አልወርድ ሲለው በሱሪው ጠረገው። ሰንጢውን አጠፈና ኪሱ ከተተ።

ዘይባ መጋረጃውን ለቀቀች። «ይሁን፤ መንገደኛ ነው» አለች በሆዷ።

ምሳ ሲቀርብ ከድጄ የቆጮውን ቢላ ልታመጣ ብትነሳ፣ ሸረፋ በእጁ መለሳት።

«ተቀመጪ፤ ቢላ ምን ያደርጋል? እኔ ጋ አለ።»

ያው ስለት ወጣ። ትኩሱን ቆጮ እየቆረጠ ለአሚኑ አቀረበ፤ ለከድጄም አቀረበ። ቅቤውንም በስለቱ ጫፍ እያነሳ ቀባላቸው። ዘይባ የአይቡን ሳህን እንደያዘች የጓዳው በር ላይ ደርቃ ቀረች። አፏ ምራቅ ሞላ። ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣችና እንሰቱ ሥር ተፋች። እንደገና ተፋች።

ከድጄ ተከትላት ወጣች። «እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ያ ሰንጢ በምን ታጠበ?»

«የቱ?»

«ቆጮ የተቆረጠበት። ቅድም ተረከዝ የተላጠበት።»

ከድጄ አንገቷን ደፋች። «ጠርጎታል።»

«በምን?»

«በሱሪው። አዲስ አበባም እንደዚሁ ነው። ብርቱካን ሲልጥልኝ መጀመሪያ መጀመሪያ ይቀፈኝ ነበር። አሁን ለመድኩት» አለች።

«ይሄ ደግሞ ይለመዳል?»

ከድጄ አይቡን ልታቀርብ ተመልሳ ገባች።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው አቶ ሽባባው እንግዳውን ሊጠይቅ ብቅ አለ። ሽባባው ከጎጃም ተዛውሮ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ከእነ አሚኑ ጋር ደስታውንም ሐዘኑንም ይካፈላል። ሸረፋ እጅ የነበረውን ሰንጢ ሲያይ ዓይኑ በራ።

«ለመሆኑ ምን ምን ይሠራል?»

«ምን የማይሠራው አለ ጋሼ!» ሸረፋ አንድ በአንድ ይፈለቅቅ ጀመር። «ይሄ ብሎን ይፈታል። ይሄ ቆዳ ይበሳል፤ ጆሮዬን ሲበላኝም እጠርግበታለሁ። ይቺ ለጥፍር ናት። መቀሱ ለጢም።»

«ይቺን ጠመዝማዛማ አውቃታለሁ! አንድ ሹም ቤት ግብር ላይ አይቻታለሁ። የወይን ጠጅ ጠርሙስ መክፈቻ ናት።»

አሚኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወላሂ እኔ ከፍቼባት አላውቅም» አለ ሸረፋ ቶሎ ብሎ። «ሰንጢውን የገዛሁት ከሰው እጅ ነው። እሱ ምን እንደከፈተባት አላህ ይወቅ።»

ሽባባው ከእጀታው ጫፍ የተሸጎጠችውን የጥርስ መጎርጎሪያ ስቦ አወጣት። መንጋጋው መሀል አስገብቶ ጎረጎረ፤ ጫፏ ላይ የወጣውን ወደ ብርሃን አድርጎ አየ፤ በጣቱ አሸት አደረጋትና ወደ ቦታዋ መለሳት። «ድንቅ ሥራ ነው!» አለ። ሸረፋም ደስ ብሎት ሰንጢውን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ።

ዘይባ ከመጋረጃው ኋላ ይህን ሁሉ አየች። ሽባባው ሲሄድ አሚኑን ጓዳ ጠራችው።

«ንገረው።»

«ምን ብዬ?»

«ያን ነገር ከገበታ ያርቀው።»

«እንግዳ ነው እኮ ዘይባ። የሌላው ሰው አማች ይሰክራል፣ ሚስቱን ይማታል። የኛው ሰንጢ ያዘ ብዬ ላሳፍረው?»

«መያዙን መች ጠላሁ? ጆሮ የገባ፣ ጥርስ የገባ፣ ጥፍር ሥር የገባ ብረት እንጀራዬ ላይ ምን ያደርጋል? አንተ በልተህበታል እኮ! አልቀፈፈህም?»

አሚኑ ትንሽ አሰበ። «አሁን ስትነግሪኝ ነው የቀፈፈኝ» አለና ወጣ። ለሸረፋ ግን አልነገረውም።

በዓሉ ሲቃረብ ሸረፋ እንሴኖ ገበያ ወርዶ ቀንዳም በግ ገዝቶ መጣ። ለአማቶቹ የሚያርደው የመጀመሪያው በግ ስለሆነ ኮርቶበታል፤ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ላቱን ዳበሰ። ዘይባ እንኳ በከድጄ በኩል ምርቃት ላከችለት።

የአረፋ ጠዋት ወንዶቹ ከስግደት ሲመለሱ ሼህ ሙስተፋ አብረዋቸው መጡ። በሰፈሩ የሚያርዱት እሳቸው ናቸው፤ ረጅሙን ማረጃ በጨርቅ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል። በጉ ከእንሰቱ አጠገብ፣ በርበሬ ከተሰጣበት ሰሌን ወዲህ ተጥሎ ተያዘ።

«እኔ ነኝ የማርደው» አለ ሸረፋ።

«ደግ ነው፤ ባለቤቱ ቢያርደው ይመረጣል። እንካ ማረጃውን» አሉ ሼሁ።

«የራሴ አለኝ።» ቀዩን ሰንጢ አወጣ።

ሼህ ሙስተፋ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «አጭር ነው ልጄ። ደንዟልም። በዶለዶመ ስለት ማረድ ግፍ ነው፤ እንስሳው ይሠቃያል።»

«የፈረንጅ ብረት እኮ ነው ሼሁ! ቆርቆሮ ይቆርጣል!»

ሼሁ ወደ ቤቱ ባለቤት ዞረው አዩ። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አሚኑን አየ። አሚኑ አማቹን በሰው ፊት ማሳፈር ከበደው። «እስቲ ይሞክር» አለ።

ሸረፋ ቢስሚላህ ብሎ ስለቱን በጉ አንገት ላይ አሳረፈ። ፀጉሩ ያዘው። ገፋ፤ ሳበ። ቆዳው ተላጠ እንጂ አልተቆረጠም። በጉ ተንፈራገጠ። ሸረፋ ላብ አጥምቆት እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ ይል ጀመር፤ ደሙ ብቅ ሲል እጀታው አሟለጨውና ስለቱ ድንገት ታጥፎ በገዛ ጣቶቹ ላይ ተከደነ። ጮኸና ለቀቀ። የበጉን እግር የያዙትም ደንግጠው ለቀቁ። በጉ ተነሳ። ጉሮሮው በከፊል ተከፍቶ፣ ሲተነፍስ ደም አረፋ እየደፈቀ፣ ተንገዳግዶ የተሰጣው በርበሬ ላይ ወጣ። ሴቶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ።

ሸረፋ ግን አፍሯል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ አያስብም። በሚደማ እጁ ስለቱን እንደገና ፈልቅቆ በጉን ሊይዝ ተከተለው።

ያን ጊዜ ዘይባ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ፊቷ ተገልጦ ከጓዳ ወጣች።

«ተው አንተ!» አለች። «ሸረፋ! ጣለው ይሄን ቆሻሻ! ልቀቀው ብዬሃለሁ!»

በጉን ቀንዱን ይዛ ወደ ደረቷ አስጠጋችው፤ ደሙ ቀሚሷን አራሰው። «ሼሁ፣ ቶሎ ይበሉ፤ ይገላግሉት» አለች። ሼህ ሙስተፋ በጉን አስተኝተው፣ የአላህን ስም ጠርተው፣ በአንድ ስበት ጨረሱለት።

ሰንጢው በርበሬው ላይ ወድቆ ነበር። ዘይባ የኮባ ቅዳጅ አምጥታ በእሱ ያዘችው። ስለቱ መሠረት ላይ ፀጉርና ደም ተጣብቋል። ከዚያ ሥር፣ ብረቶቹ በሚታጠፉበት ስንጥቅ ውስጥ፣ የደረቀ ቆጮ፣ የረጋ ቅቤና ጥቁር እድፍ አንድ ላይ ተጋግረው ታዩዋት። ሽታው አፍንጫዋ ገባ። ከፊቷ አርቃ ይዛ ወስዳ ሸረፋ እግር ሥር አኖረችው።

«ይሄውልህ ንብረትህ። ቤቴ አይግባ።»

ሸረፋ የሚደሙ ጣቶቹን በብብቱ አጣብቆ ቆመ።

ሰዎቹ ሥጋው ይበላ እንደሆነ ሼሁን ጠየቁ። «ቢላዬ ሲደርሰው ቆሞ የሚሄድ ሕያው ነበር፤ ሥጋው ሐላል ነው» አሉ ሼህ ሙስተፋ። «ሆዱ እምቢ ያለውን ሰው ግን አላስገድድም።» እሳቸው ቤቴ ይጠብቁኛል ብለው ሄዱ። ሌላውም እየተነሳ ሄደ። ዘይባ ሥጋውን በራሷ ቢላ ከተፈችው፤ እጇ እየሠራ ዓይኗ ግን ወደ ሌላ ያያል። ሲቀርብ ከገበታው የተቀመጡት አሚኑና እጁ በጨርቅ የተጠቀለለው ሸረፋ ብቻ ነበሩ። ሸረፋ አልነካም። አሚኑ በላ። መሬት መሬት እያየ፣ አንዱን ጉርሻ ለረጅም ጊዜ እያላመጠ፣ ውሃ እየተጎነጨ እያወራረደ በላ። ለአማቹ ክብር ሲል እንጂ ወድዶ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል።

በማግስቱ ሸረፋና ከድጄ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄዱ። ከድጄ እናቷን አቅፋ አለቀሰች።

ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ በጉን እያስታወሰ «ወላሂ ደግ አደረገች» አለ። ብዙዎቹ አሮጊቶች ግን «አማቿን ስሙን ጠርታ፣ አንተ ብላ፣ ፊቷን ገልጣ!» እያሉ ነቀፏት። አሚኑም አኩርፎ ከረመ። ዘይባ ስለ ቃሉ ጥፋቷን አመነች። ስለ ሰንጢው ሲነሳ ግን «እሱን አታንሱብኝ፤ አሁንም ይሸተኛል» ትል ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ሸረፋ ከከድጄ ጋር ሽማግሌ ይዞ መጣ። አንድ ጣቱ አልታጠፍ ብሎት ቀርቷል። ሽማግሌዎቹ ሲያስቀምጡት ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ።

«በጉን አሠቃይቻለሁ። ሼሁ ሲነግሩኝ አልሰማሁም። አፉ በሉኝ፤ ይቅር በሉኝ።»

ዘይባ ፊቷን ሸፍና ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። «እኔም በሰው ፊት አዋርጄዎታለሁ። ቃሉ ከአፌ መውጣት አልነበረበትም። አፉ ይበሉኝ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። ሁለቱም አፉ ተባባሉ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ አሚኑ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ዕርቁ እንዲጸና ከአንድ ገበታ ቅመሱ ተባለ።

ሸረፋ እጁን በሳሙና፣ ደጋግሞ፣ እስከ ክርኑ ታጠበ። ዘይባ ያንን አይታ ደስ አላት። ክትፎውን የሠራችው ራሷ ናት፤ የማረጃው ስለት የሼህ ሙስተፋ፣ የመክተፊያው ቢላ የራሷ ነው። ምንም የሚያስጠላ ነገር አልነበረበትም። ሸረፋ ከፊቱ ሲያነሳ፣ ያ የማይታጠፈው ጣቱ ቅቤውን ነካ። ዘይባ የያዘችውን ጉርሻ አፏ ውስጥ ከተተች። አልዋጥ አላት። ትን እንዳላት አስመስላ ተነስታ ወጣች።

ከድጄ ጓሮ አገኘቻት፤ በጣሳ ውሃ እያፈሰሰች አፏን አስጉመጠመጠቻት።

«እማዬ፣ አሁንም አልወጣልሽም?»

«ወጥቶልኛል። ከልቤ ነው አፉ ያልኩት። ደግ ሰው ነው ባልሽ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እንጃ ልጄ። ሆዴ ነው። እሱን ማን ሽማግሌ ይልክበታል?»

ከድጄ ሳታስበው ሳቀች፤ ዘይባም አፏን እየጠረገች ሳቀች። ተያይዘው ገቡ።

ከዚያ በኋላ ሸረፋ በመጣ ቁጥር ዘይባ ቤት ያፈራውን ሁሉ ሠርታ ታቀርብለታለች፤ መንገዱን፣ ሱቁን፣ ጤናውን በከድጄ በኩል ትጠይቀዋለች። አብራ እንድትበላ ስትጠየቅ ግን «ቀደም ብዬ ቀምሻለሁ» ትላለች። ሸረፋም አንድ ቀን እንኳ እንድትበላ አስጨንቋት አያውቅም።