የሰፋው የቁልፍ ቀዳዳ

ልብስ ሰፊዋን ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታዘዝ ካሏት ሰንብቷል። ተኝታ ስትነሳ እጇ የሌላ ሰው እጅ ይመስላታል፤ አብጦ፣ ደርቆ፣ መቀስ እንኳ በወጉ አይጨብጥላትም። ረፋዱ ላይ ፈታ ሲልላት "ብርዱ ነው" ትላለች። ሐኪም ዘንድ ብትሄድ "ስፌት ተዪ" የምትባል እየመሰላት ነገሩን በሆዷ ይዛዋለች። ከስፌት ሌላ የምታውቀው ሥራ የላትም።

የተሰፋ ሸሚዝ ከመታጠፉ በፊት ራሷ ቆልፋ ካልሞከረችው ከሱቅ አይወጣም። አሁን ግን በማለዳ ስትሞክር ቁልፉ አልገባ ይላታል። "ቀዳዳው ጠቧል" ትልና በምላጭ ጫፍ ከፈት አድርጋ ዳሩን እንደገና ትዘመዝመዋለች። የቀዳዳ ጥበት እንጂ የጣት ሕመም ነው ብላ አላሰበችም። ወይም ማሰብ አልፈለገችም።

አንድ ቀን ደንበኛዋ ሾፌሩ ደረቱን ከፍቶ ገባ።

"ኧረ ምን በድዬዎት ነው? መሪ ባዞርኩ ቁጥር ሆዴ ይታያል! ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ።"

"ሆድህ ጨምሮ እንዳይሆን!" አለችው ልብስ ሰፊዋ።

ታናሽ እህቷ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ የሸሚዙን ቁልፍ ነካ ብታደርገው ከቀዳዳው ወለቅ አለ። ከመደርደሪያ ያወረደቻቸው ሸሚዞችም እንደዚያው ሆኑ። ሾፌሩን ከነገ ወዲያ እንዲመለስ ነግራ ሸኘችው።

"እትዬ፣ ቀዳዳውን ሁሉ አስፍተሽዋል፤ እስቲ እጅሽን አምጪ።"

"ምን ልታደርጊው?"

"አምጪ አልኩሽ!"

ጣቶቿን ጨበጥ ስታደርግባት ልብስ ሰፊዋ "ወይኔ!" አለች፤ ሳታስበው አመለጣት።

"ይሄን ይዘሽ ነው ዝም ያልሽው? አንቺ ሴት፣ ምን ዓይነት ጉድ ነሽ!"

በማግስቱ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሟ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ጫን ጫን አድርጋ አየች፤ ደም አስመረመረች፤ እጇንም ራጅ አስነሳች።

"መገጣጠሚያዎችዎ ተቆጥተዋል" አለች። "ደግነቱ ገና ጅምሩ ላይ ነው፤ አጥንቱ አልተጎዳም። መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፣ ቀጠሮም እንዳይዘሉ። ጣትዎን ያፍታቱ፣ በእግርዎ ይሂዱ።"

ልብስ ሰፊዋ ወደ ፊት ጠጋ አለች። "ስፌቱስ?"

"ስፌቱንማ ማን ከለከለዎት? እያረፉ ይስፉ እንጂ። ዓመት ቆይተው ቢመጡ ግን እንዲህ ለማለት አልደፍርም ነበር።"

ደጅ ሲወጡ ታናሽየው ታክሲ ልትጠራ እጇን አነሳች።

"በእግር ተብለናል" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"የተባልሽው አንቺ! እኔን ምን አገባኝ?"

"እህቴ መሆንሽ።"

መድኃኒቱ ወዲያው አልፈወሳትም። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው የማለዳው የጣት ድርቀት ማጠር የጀመረው። እስከዚያው ጠዋት እጇን ለብ ባለ ውኃ ትነክራለች፣ ልብስ ትተኩሳለች፤ የእጅ ስፌቱ ለከሰዓት ይቆያል። ቁልፍ መሞከሩን እህቷ ወስዳባታለች።

አንድ ጠዋት አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ይዛ እየተጣደፈች መጣች። "ጠርዙን አሁኑኑ በእጅሽ ያዝ ያዝ አድርጊልኝ።"

"እጄን ያመኛል፤ እየታከምኩ ነው" አለቻት ልብስ ሰፊዋ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። "ከምሳ በኋላ ነይ፤ አሳምሬ እሰጥሻለሁ።"

ሴትዮዋ ቀሚሱን አስቀምጣላት ሄደች።