ጤነኛ ሽጉጥ

ወንዶሰን ክንዱን እስከ ክርኑ ድረስ ጎደሬ በሞላው ማዳበሪያ ውስጥ ከትቶ ሲያተራምስ፣ አብራር የሱቁን በር ገርበብ አደረገው። ጨርሶ እንዳይዘጋው፣ ጋምቤላ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ሱቁን የዘጋ ነጋዴ ምን እየሠራ እንደሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠይቃል። እንዳይተወው ደግሞ አላፊ አግዳሚው ያያል።

"ቀስ በል እንጂ ወንድሜ፣ ሰው ያየናል።"

"ይየን! አንተ ስትሸጥልኝ ያላፈርክ እኔ ስመልስልህ ልፈር?"

በጨርቅ የተጠቀለለውን ነገር ከጎደሬው መሃል ጎትቶ አወጣና ባንኮኒው ላይ፣ በሞተር ሻማዎቹና በፍሬን ሸራዎቹ መካከል ጣል አደረገው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር ማራገቢያው ቆሟል። ከሱቁ በስተጀርባ ባለችው ክፍል፣ ከመጋረጃው ማዶ፣ የአብራር ሚስት ራሂማ ተኝታለች። ከጅማ ሆስፒታል የተመለሰችው በቅርቡ ነው፤ የሆዷ ስፌት ገና አልደረቀም።

ጨርቁ ሲገለጥ የአባቱ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ብቅ አለ። አባቱ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው አቦቦ ከሰፈሩ በኋላ፣ የጥበቃ ኃላፊ በነበሩበት ዘመን በፈቃድ የያዙት ነበር። ሲሞቱ መመለስ ነበረበት፤ አብራር ግን ዛሬ ነገ ሲል ሳጥን ውስጥ ቀረ። የራሂማ ሕመም ሲጠና ያ ሳጥን ትዝ አለው። ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡበት የቴሌግራም ግሩፕ፣ በፍሪጅና በጄኔሬተር ማስታወቂያዎች መሃል፣ "የአባት ቅርስ፣ ስድስት ጎራሽ፣ ያልተነካካ" ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለውን ነገር ከዚህ በላይ የሚያብራራ የለም፤ የገባው ሰው በውስጥ መስመር ይመጣል። ከቡና አገሩ ከመቲ ድረስ የመጣው ወንዶሰን ነበር። ብሩ በማግስቱ ሆስፒታል ገባ።

"እሺ፣ ምኑ ነው የተበላሸው?" አለ አብራር።

"ምኑ ያልተበላሸ አለ በለኝ! እየው ይሄን፣ ጥይት የሚገባበትን ከበሮ። እንደ ሕፃን ጥርስ ይነቃነቃል። ዙሪያውን ደግሞ ተፍቋል። ቃታው ካልታገሉት አይሳብም። መጠበቂያውስ? መጠበቂያውን ማን ነቀለው?"

"ማንም አልነቀለውም። ሲሠራም አልነበረውም።"

"መጠበቂያ የሌለው ሽጉጥ? ይሄን ሽጉጥ አይቶ ለማያውቅ ንገር። አጎቴ ማካሮቭ ሽጉጥ ነበረው፣ እኔ ነኝ የምወለውልለት። ቪዲዮ ቀርጬ ግሩፑ ላይ ብጠይቅ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። 'ብርህ ተበላ፣ ምስማር ምታበት' አለኝ አንዱ።"

አብራር ዞሮ በሩን አየ። "ግሩፑ ላይ ለጠፍከው?"

"ፊቴ አይታይም፣ እጄ ብቻ ነው። ብሬን ዛሬ ስጠኝ። ካልሆነ ከዚህ ወጥቼ ፖሊስ ጣቢያ እገባለሁ። አብረን እንታሰር።"

እንደማያደርገው አብራር ይገምታል። ግን የተናደደ ሰው ምን አይሠራም? ሌላ ጠብ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ይጠራል፣ ዕቃው በባለሙያ ይታያል፣ እውነቱ ይወጣል። ይህኛውን ለሽማግሌም ለዳኛም ማቅረብ አይቻልም። እውነቱን ይዞ አፉን የተለጎመ ሰው ሆነ።

በሩ በሰፊው ተከፈተ። ወንዶሰንን ከመናኸሪያ ያመጣው ባለ ባጃጁ ሪክ ረጅም አንገቱን ጎንበስ አድርጎ ገባ። አብራር አንድ የአየር ማጣሪያ ካርቶን አንስቶ ሽጉጡ ላይ ደፋበት።

"አብራር፣ ይሄ ሰውዬ የእኔ ሂሳብ አልሰጠም። ቆይ እያለ ነው።" ከዚያ ማዳበሪያውን አየ። "አሃ፣ ጎደሬ ነው! ይሸጣል?"

"አይሸጥም" አለ ወንዶሰን።

"አይሸጥም? ታዲያ መለዋወጫ ሱቅ ለምን አመጣኸው? ሞተር ይበላል?" ሪክ በራሱ ቀልድ ከት ብሎ ሳቀና እጁን ወደ ማዳበሪያው ሰደደ። "የእኔ ሚስት በጣም ትወዳለች። ትልቅ ትልቁን እኔ መርጬ እወስዳለሁ።"

አብራር ቀድሞት ከላይ ከላይ አፈሰና ዕቅፉ ላይ ቆለለለት። "በቃ፣ የሂሳብህም ይሁን። ሂድ፣ ፀሐይ ላይ አቁመሃት ጎማዋ ይቀልጣል።"

"እሺ፣ እሺ።" ሪክ ወደ ወንዶሰን ዞሮ አየው። "ይሄ ሰው ተቆጥቷል። ሙቀት ነው። ደገኛ ጋምቤላ ሲገባ ይቆጣል፤ ውሃ አጠጣው፣ ይተወዋል።"

ባጃጇ ራቀች። አብራር ካርቶኑን አነሳ። ከበሮውን ከፍቶ ጥይት አለመኖሩን አየና መልሶ ዘጋው፤ ልክ አባቱ ያደርጉት እንደነበረው።

"እጅህን አምጣ" አለ። "አሁን አነቃንቀው። ይነቃነቃል፣ አይደል? አሁን ቃታውን እስከ መጨረሻው ስቤ ልያዝልህ። እስቲ አነቃንቀው።"

ወንዶሰን በሁለት ጣቶቹ ይዞ ሞከረ። በአውራ ጣቱ ገፋው። ከበሮው እንደ ድንጋይ ቆመ።

"አየህ? ሥራ ሲፈታ ይላላል፣ ሲተኮስ ይጠብቃል። ሁልጊዜ ጥብቅ ቢሆን በምን ይዞራል? መፋቁም፣ ይህቺ ትንሽ ጥርስ ከበሮው በዞረ ቁጥር ስለምትነካው ነው፤ አዲሱንም ብትገዛ በሳምንቱ ያወጣዋል። ቃታው የሚከብደው ደግሞ ሰው ሳያስብ እንዳይተኩስ ነው። መጠበቂያው እሱ ራሱ ነው።"

ሲያስረዳ ደስ እያለው ሄደ። ደንበኛ 'ይህ ጎማ ፀጉር አብቅሏል፣ የተበላሸ ነው' ሲለው፣ የአዲስ ጎማ ፀጉር መሆኑን ሲያሳይ የሚሰማው ዓይነት ደስታ ነበር። የወንዶሰን ፊት መፈታት ጀመረ።

"ጥይት አይነክስብኝም?"

"ማካሮቭ ነው የሚነክሰው። ይሄ አንዷ እንቢ ብትል ደግመህ ትስባለህ፣ ሌላዋ ትመጣለች።"

"ኧረ ተው!" ወንዶሰን ሽጉጡን ተቀብሎ አገላበጠው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። "እኔ ደግሞ በማላውቀው ስሳደብ... ይቅር በለኝ ወንድሜ። እንግዲያስ ይበቃኛል። ከቡናው አጥር ሥር ሆኜ፣ እሱ በሞተር ቀስ ብሎ ሲያልፍ፣ ርቀቱ ከዚህ እስከ በርህ ነው።"

"ማነው የሚያልፈው?"

"ወንድሜ።"

አብራር እንደ ቀልድ ሊወስደው ፈልጎ ፊቱን አየው። ቀልድ አልነበረበትም።

"ለማስፈራራት ነው?"

"ማስፈራራቱማ አምና አለቀ። የአባታችንን ቡና ለሁለት ከፈልን፣ እሱ ወሰኑን ነቅሎ ወደኔ ገፋ። ሽማግሌ ገባ፣ እሺ አለ፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ገፋ። አሁን ለቀማ ደርሷል። ሚስቴ ቤርሳቤ 'ተወው፣ ሌላ አገር እንሂድ' ትለኛለች። የት ነው የምሄደው? ከመቲ ወዲያ የማውቀው አገር የለኝም።" ይህን ሁሉ የተናገረው ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነበር። "ለቀማው ሳይጀመር ነገሩ ያልቃል።"

"አብራር" ስትል ራሂማ ከውስጥ ተጣራች። "ውሃ አቀብለኝ።"

መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ውሃው አጠገቧ ነበር። እጁን ይዛ ወደ ታች ሳበችው።

"ያንን ነገር እንዳትሰጠው" አለች በሹክሹክታ።

"የራሱ ነው እኮ። ከፍሎበታል።"

"የከፈለው እዚህ ነው ያለው።" እጁን ቀስ ብላ ከስፌቱ አጠገብ አሳረፈችው። "ሰው ቢሞትበት እኔ በየትኛው አንጀቴ ነው ተመልሼ እህል የምበላው?"

"አሁን በአፌ ጤነኛ ነው ብዬ አሳምኜዋለሁ። ቅድም መልስልኝ ሲል ነበር፣ አሁን አይመልስም። ፖሊስ ብጠራ እኔ እገባለሁ፤ አንቺን ማን ያነሳሻል?"

"በምን ነው ያሳመንከው?"

"በእውነት።"

"እንግዲያስ በሌላ መልሰው።"

"ብር ይፈልጋል። ብር የለንም፣ ያለን በር ላይ የቆመው ሞተር ሳይክል ብቻ ነው።"

"ቁስሌን ለማሳጠብ በሰው ትከሻ እሄዳለሁ። ሞተሩን ስጠው።"

"ከእኔ ባያገኝ ከሌላ ይገዛል ራሂማ።"

"ከሌላ ይግዛ! ያኔ የሌላ ሰው ሚስት ታስብበት።"

ሲመለስ ወንዶሰን ሽጉጡን ጠቅልሎ ማዳበሪያው ውስጥ ጎደሬውን እየደለደለበት ነበር። እያፏጨም ነበር።

"ቆይ" አለ አብራር። "አንዴ ልየው።"

"ምኑን? አይተነው የለ እንዴ?"

አብራር እጁን ወደ ማዳበሪያው ሰዶ ሽጉጡን አወጣው። ወደ ጆሮው አስጠግቶ ቃታውን ሳበ፣ ደግሞ ሳበ፣ ደግሞ ሳበ። በሳበ ቁጥር ከበሮው ቀጭ እያለ ቦታው ላይ ገባ፤ እንከን አልነበረበትም። አባቱ ዝናብ በመጣ ቁጥር እያወጡ ዘይት ይቀቡት ነበር።

"ዋሽቼሃለሁ" አለ።

"ምን?"

"ከበሮው አንዷ ጥይት ላይ ሲደርስ በትክክል አይቆምም። ጥይቷ ከአፈሙዙ ጋር ሳትገጥም ትፈነዳለች፤ እጅህን ትወስደዋለች።"

"አሁን አልነበር እንዴ ይዘህ ያሳየኸኝ? አልተነቃነቀም እኮ!"

"የምታስቸግረዋን ዘልዬ ነው ያሳየሁህ። ብር ስለሌለኝ እንዳትመልሰው ብዬ ነው። ግሩፑ ላይ ያሉት ሰዎች እውነታቸውን ነው። ስሸጥልህም አውቅ ነበር።"

በዚህ ከተማ ከስሙ ሌላ ሀብት አልነበረውም። ይህ ሰው ነገ መቲ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ስልኩ ላይ ምን እንደሚል ያውቃል፤ የእሱን መለዋወጫ ከጋምቤላ እስከ ፑኝዶ የሚገዛው ሰው ሁሉ ያነበዋል።

ወንዶሰን ማዳበሪያውን ለቀቀና ተጠጋው። "አንተ ሌባ! የእጄን ነገር አሁን ምን ትዝ አሰኘህ?"

"እጅህ ቢቆረጥ ዘመዶችህ የሚመጡት ወደኔ ነው። ሞተሬን ውሰድ፣ ከሰጠኸኝ ብር ይበልጣል። ሊብሬውም አለ።"

ወንዶሰን በበሩ በኩል ወደ ሞተሩ አየ፣ ወደ መጋረጃው አየ፣ ከዚያ ወደ አብራር። ትንፋሹ ፊቱ ላይ ይሰማል። ሞኝ ሰው አልነበረም።

"ወይስ የወንድሜን ነገር ስለሰማህ ነው?"

"የአንተ ቤት ጉዳይ ምን አገባኝ?"

"ቅድም ደህና ነው አልክ፤ ከሚስትህ ጋር ተንሾካሾክህና ተበላሸ። የቱን ልመን?" ሽጉጡን ከእጁ ነጠቀው። "ሙስሊም ነህ አይደል? በአላህ ማል። ከማልክ ትቼው ሞተሩን እወስዳለሁ። ካልማልክ ይሄን ይዤ ወደ አገሬ።"

ገበያው ላይ መሐላ ከጨው ይረክሳል፤ ለአንድ ብሎን ወላሂ የሚል ነጋዴ ሞልቷል። አብራር ግን ደንበኛ ማል ሲለው 'ካላመንከኝ ሌላ ጋ ግዛ' ብሎ ዕቃውን ወደ መደርደሪያው የሚመልስ ሰው ነበር። ራሂማ ሞተሩን ስጠው ብላዋለች፤ ይህን ግን አላለችውም፣ ልትለውም አትችልም።

"እየጠበቅኩህ ነው" አለ ወንዶሰን፣ በሌላ እጁ የማዳበሪያውን አፍ እየጠመዘዘ።

አብራር የሞተሩን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና፣ ከመጋረጃው ማዶም እንዲሰማ ድምፁን ሳይቀንስ፣

"ወላሂ፣ አይሠራም" አለ።