የእትዬ እታፈራሁ በር

«ለማን ሸጥካት?» አሉ እትዬ እታፈራሁ ከበረንዳው።

«ማንን?» አሉ ባላቸው ጋሼ ኤርካሎ።

«እንዳልገባው ሰው አትሁን፣ የሩት አባት። መኪና የሚያሳድስ ሰው ሊሸጥ ነው። ከሩት ቀድማ እዚህ ቤት የገባች ናት፤ ለገዢው ይህንንም ንገረው።»

እትዬ ሲቆጡ ወላይትኛውን ትተው፣ ቀበሌ እንደገባ ሰው፣ በአማርኛ ነው የሚናገሩት። ነገሩ መክፋቱን በዚያ አወቅሁ።

ነጯ ዲኤክስ ግቢው ውስጥ አራት በሯን ከፍታ ቆማለች። የበሮቹ የውስጥ ልባስ ተነቅሎ ሣሩ ላይ ተኝቷል። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በኃይሉ እጁን እስከ ክርኑ በሩ ውስጥ ከትቶ ሽቦ ይጎትታል። በኃይሉ ባልና ሚስት ሲነጋገሩ ጆሮው የማይሰማ ጨዋ ሰው ነው። እኔ ግን ጎረቤት ነኝ፤ በመካከላችን ያለውም የቅንጭብ አጥር ነው።

ጋሼ እውነቱን ቢናገሩ ያልቅ ነበር። ለእሁድ ያሰቡትን ስጦታ በሐሙስ ማውጣት ግን አልሆነላቸውም። «ገዢ የለም» ብቻ አሉ። ፊታቸውን ላየ ሰው ሦስት ገዢ ያላቸው ይመስሉ ነበር።

እትዬ ባለፈው ዓመት ከታመሙ ወዲህ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም። እግራቸው በምርኩዝ ይሄዳል። የመኪናዋ በር ደግሞ አርጅቷል፤ በአንድ እጅ ቁልፉን አዙረው እንደያዙ በሌላው እጅ መያዣውን ካልሳቡት አይከፈትም። ድሮ እሁድ እሁድ ከጸሎት ቤት ሲወጡ እትዬ ቁልፉን ይቀበሉና ቀድመው ገብተው ይቀመጣሉ። ጋሼ ሰላምታ ላይ ይቆያሉ። የጋሼን ሰላምታ ሶዶ ያውቀዋል። ከሰውየው ይጀምርና ወደ ልጆቹ፣ ከልጆቹ ወደ ከብቶቹ ይሄዳል፤ ከዚያ ሁምቦ ላይ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ይጠየቃል። ከሕመሙ በኋላ ግን እትዬ ይህ ሁሉ እስኪያልቅ በተዘጋ በር አጠገብ በፀሐይ መቆም ሆነባቸው። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥላቸዋል። ከፋሲካ ወዲህ እሁድን ቤት መዋል ጀመሩ።

ጋሼ እትዬን እግራቸውን ያመማቸው መስሏቸው ቅባት ገዙ። ቀጥሎ ሌላ ቅባት ገዙ። በመጨረሻ በአጥሩ ላይ እኔው ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ እግራቸው ደህና ነው። ያስመረራቸው ሰው እያየ መቆሙ ነው።»

«መጥቼ እከፍትላት የለ እንዴ?»

«መቼ?»

ጋሼ ሰላምታቸውን ያሳጥራሉ ብዬ ስጠብቅ በሳምንቱ በኃይሉ ሽቦውን ይዞ መጣ።

ያን ሐሙስ አመሻሹ ላይ በኃይሉ የመጨረሻውን ልባስ መለሰና አንዲት ትንሽ ሪሞት ተጫነ። አራቱም በሮች አንድ ላይ ጠቅ አሉ፤ መብራቶቹ ብልጭ ሲሉ ዶሮዎቹ ተበተኑ። ከዚህ በኋላ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ጋሼ ሪሞቷን ከነቁልፉ በክር አስረው በረንዳው ላይ ወጡ፤ እትዬ አንገት ላይም አጠለቁላቸው።

«በአውራ ጣትሽ ትጫኛታለሽ። ከዚያ በዚያው እጅ በሩን ትስቢያለሽ። ሁለተኛ እጅ አትፈልግም።»

እትዬ ሪሞቷን አገላብጠው አዩ። «እና አልሸጥካትም?» ይህን ጊዜ ወደ ወላይትኛቸው ተመልሰዋል።

«የሩት እናት፣ እሷን ማን ይገዛታል?»

አንዴ ተጫኑ፤ ተቆለፈ። ደግመው ተጫኑ፤ ተከፈተ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ። ጋሼ ተከትለው ወረዱ፤ እጃቸው ሮጦ እንዳይረዳ ነው መሰለኝ ከኋላቸው አጣምረው ያዙት። እትዬ ምርኩዙን መኪናዋ ላይ አስደግፈው በግራ እጃቸው በሩን ሳቡና ገቡ። የሚሄዱበት ቦታ አልነበረም። የዳሞታ ተራራ ጉም እስኪለብስ ድረስ እዚያው ተቀመጡ። ጋሼም አጠገባቸው ገቡ። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም፤ መስታወቱ ተዘግቶ ነበር።

እሁድ ሦስታችንም ሄድን። ጸሎቱ እንዳበቃ እትዬ ከሁሉም ቀድመው ወጡ፤ እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። አንዲት ሴት ከንፈሯን አዘጋጅታ ስትመጣ እትዬ ተጫኑ። መብራቱ ብልጭ ሲል ሴትየዋ ከንፈሯን ረሳችው።

«ይሄ ነገር የእርስዎ ነው?» አለች።

«የኔ ነው» አሉ እትዬ፤ ገብተው ተቀመጡ። እኔም ከኋላ ወንበር ገባሁ። እትዬ አንዴ ተጫኑና ሁሉንም በር ቆለፉት።

በመስታወቱ ጋሼን እናያቸዋለን። ከአቶ ደገፉ ጋር ቆመዋል። ልጆቹ አለቁ፤ ከብቶቹም አለቁ። ጋሼ እጃቸውን ወደ ሁምቦ አቅጣጫ ሲዘረጉ ዝናቡ ላይ መድረሳቸውን አወቅን። ፀሐዩ ከረረ። በመጨረሻ ላባቸውን እየጠረጉ መጡና በሩን ሳቡ። አልተከፈተም። ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ቁልፉ እትዬ አንገት ላይ ነው። ዞረው መጥተው መስታወቱን በጣታቸው መቱ።

እትዬ መስታወቱን ጥቂት ዝቅ አደረጉ።

«ክፈቺልኝ እንጂ፣ የሩት እናት። ፀሐይ ነው።»

እትዬ ከጋሼ ትከሻ በላይ አሻግረው አዩ።

«ደገፉን ስለ አማቱ ሳትጠይቀው መጣህ።»