ለቅሶ ያልተደረሰላት

«እንኳን መጣሽልኝ የኔ ልጅ። እኔማ ሁሉም የረሳኝ መስሎኝ ነበር» አለችኝ ሸዋወርቅ፣ ከጎረቤላ ዳር ካለው ቤቷ በር ላይ ቆማ።

«አልረሳንሽም እትዬ» ብዬ የገዛሁትን የሱፍ ኮፍያ አወጣሁ። «ለልጅቱ ነው። ዓመት ሊሞላት አይደል?»

ኮፍያውን አልተቀበለችኝም።

«ለቅሶ ልትደርሺኝ የመጣሽ መስሎኝ ነው» አለች።

አስተማሪዬ ዶክተር ኪዳነወልድ፣ ክብደታቸው አንሶ ለተወለዱ ሕፃናት የሚሰጥ ጠብታ ሞክረው ውጤቱን በውጭ አገር የሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። ጠብታውን ከወሰዱት አንድም ሕፃን አልሞተም ይላል ጽሑፉ። ከደብረ ብርሃን የላኩኝ ልጆቹ ምን ያህል እንዳደጉ እንዳይ ነበር፤ የሸዋወርቅም ልጅ አንዷ ነበረች።

«ለዶክተሩ አልተነገራቸውም?» አልኳት።

«እንዴት አይነገራቸው! በስልክ ነግሬያቸው፣ አይዞሽ ሌላ ይሰጥሻል አሉኝ።»

ልጅቱ ክርስትና ሳትነሳ ስለሞተች ፍትሐት አልነበራትም፤ ጎረቤትም ለቅሶ አልተቀመጠም። ባሏ ባየው ብቻውን ቀብሯት ወደ እርሻው ወጣ። ስም እንኳ አልወጣላትም።

«እናንተ ዘንድ ግን ተጽፋለች አይደል?» አለችኝ። «ኖራ እንደሞተች የሚያውቅ አንድ ቦታ ካለ ይበቃኛል።»

ኮፍያውን ወደ ቦርሳዬ መልሼ ተሰናበትኳት። በሌሎቹም መንደሮች ዞርኩ። የሞተችው የሸዋወርቅ ልጅ ብቻ አልነበረችም።

ቢሮ ገብቼ ስነግራቸው ዶክተር ኪዳነወልድ ሳቁ። «ዝምተኛዋ ደግሞ ምላስ አወጣሽ?»

«ሞተዋል እኮ ዶክተር።»

«ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ሲሞት አገሩ ራሱ አይቆጥረውም። እኔ ነኝ የምቆጥረው?»

አንደኛ ዓመት ላይ ትምህርቴን ጥዬ ወደ ትውልድ አገሬ ደነባ ልመለስ ስል፣ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ያስቀሩኝ እኚሁ ሰው ናቸው። አባቴ እንኳ እንደዚያ አላደረገልኝም። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ስለሞቱት ሕፃናት ለመጽሔቱ ጻፍኩ።

ብዙ ቆይቶ የዶክተሩ ጽሑፍ ተሰረዘ። መጽሔቱ «መረጃው አስተማማኝ ሆኖ አልተገኘም» ብሎ አጭር ማስታወቂያ አወጣ። ሸዋወርቅን ደስ ይላት ይሆናል ብዬ ጎረቤላ ድረስ ሄጄ ነገርኳት።

«እና አሁን ሞታለች ይላል?»

«አይልም እትዬ። ጽሑፉ በሙሉ ነው የተሰረዘው።»

«እሷስ?»

የያዝኩትን የማስታወቂያውን ወረቀት አጣጠፍኩ።

«ገባኝ» አለች። «መጀመሪያ አለች አላችሁ። አሁን ደግሞ ጭራሹን አልተወለደችም።»

እጇን ልይዛት ስል ወደ ነጠላዋ ሰበሰበችው። ክፉ ቃል ግን አልወጣትም። መኪና እንዳያመልጠኝ ቶሎ እንድሄድ ነገረችኝ።

በተከታዩ ዓመት እንደገና አረገዘች። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ፋና ደጋግማ ብትለምናትም «ይሄኛውን እናንተ መዝገብ ላይ አላስጽፍም» ብላ ጤና ጣቢያ አልሄደችም። ቤቷ ወለደች።