በር ለሌላት መኪና የተሠራ ስፖኪዮ

የድንጋይ ካባው ሠራተኞች ሾፌሩን «ካፒቴን» ይሉታል። መርከብ ቀርቶ ታንኳ ላይ እንኳ ወጥቶ አያውቅም። ግን በዚያ የገደል መንገድ፣ በአንድ ወገን ቋጥኝ በሌላው ወገን ባዶ አየር ይዞ፣ ስድስት ሰውና ሁለት ሣጥን መሣሪያ ጭኖ በየቀኑ ሲወጣና ሲወርድ ላየ ሰው ሌላ ስም አይመጣለትም። የሚነዳት የመስክ መኪና በር የላትም። ነበራት፤ እሱ ራሱ ነው ፈትቶ ግድግዳ ያስደገፈው። በሩ ካለ የሚያየው ቆርቆሮ ነው። በሩ ሲነሳ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ የፊት ጎማው ከገደሉ ጫፍ ስንት ጣት እንደቀረው ያያል። በዚያ መንገድ ላይ ለአንድ ቀን የተሳፈረ ሁሉ ልክ ነህ ይለዋል።

ችግሩ ስፖኪዮው፣ የኋላ ማሳያ መስታወቱ፣ የተሰካው በሩ ላይ መሆኑ ነበር። በሩ ሲሄድ ስፖኪዮውም አብሮ ሄደ። ሌላ ሾፌር ቢሆን ከኋላ የሚመጣውን በጆሮው ይጠብቃል፤ ካፒቴን ግን አይሰማም። የድንጋይ መብሻው ጩኸት ጆሮውን ቀስ በቀስ ሲበላው ከርሞ፣ ይኸው ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ነጎድጓድም አይደርሰውም። ከሰው የሚነጋገረው ከንፈር እያየ ነው። ፊት ለፊቱ ቆመህ ካወራኸው አንዲት ቃል አታመልጠውም፤ ከጀርባው ከሆንክ ብትሰድበውም ብታመሰግነውም ያው ነው።

አዲሱ የደኅንነት ተቆጣጣሪ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይልቅስ ሌሊት ስለ ሰው ሕይወት እያሰበ እንቅልፍ የሚያጣ ዓይነት ነው። ከኋላ ድንጋይ የጫኑ ከባድ መኪኖች ይመጣሉ፣ ክላክስ ይነፋሉ፣ ሾፌሩ አይሰማ፣ አያይ። ስለዚህ ቁርጡን ተናገረ። ቅዳሜ ጠዋት ይፈትነዋል። ከኋላው ያለውን አጥርቶ ካላየ ከዚያ ወዲያ መሪ አይነካም።

ካፒቴን ቤት ገብቶ ይህን ለልጁ ሲነግራት እየሳቀ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷን ከአልጋው የምታነሳው ያቺ መኪና እንደሆነች ታውቃለች። መሪውን ከወሰዱበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ እንደሚውል፣ ከዚያም እንደማይቆይ፣ ለራሷ እንኳ ጮክ ብላ ሳትናገረው ታውቀዋለች።

ልጅቷ በያጅ ናት። መንደሩ ውስጥ ካሉት በሮችና መስኮቶች ግማሹ በእሷ እጅ ያለፈ ነው፤ ይህንንም በየአጋጣሚው መናገር አይሰለቻትም። «ስፖኪዮ ምን ነገር አለው?» አለች ፊቷን ወደ አባቷ አዙራ። «በሁለት ቀን እጨርሰዋለሁ።»

ሐሳቧ ጥሩ ነበር። የበሩ ማጠፊያ መኪናዋ ላይ እንደቀረ ነው፤ በሩ የሚሰካበት ቀዳዳ ባዶውን አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። እዚያ ውስጥ የሚገባ ፒን ሠራች፣ ከፒኑ ላይ የብረት ክንድ አወጣች፣ ከክንዱ ጫፍ መስታወቱን አሰረች። ቋጥኙ መንገዱን የሚያጠብበት ቦታ ሲደርስ ካፒቴን በአንድ እጁ መዝዞ እግሩ ሥር ያስቀምጠዋል፤ ሲያልፍ መልሶ ይሰካዋል። ማታ ወደ አስፋልቱ ሲወርድ ደግሞ በሩ ተመልሶ ይገባል። ፒኑ ሳያስቸግር እንዲወጣ ብላ ከቀዳዳው ትንሽ አቀጠነችው።

አባቷ ነድቶ ተመለሰ።

«ምን አየህ?»

«ሾርባ» አላት። «ከኋላዬ ያለው ሁሉ ተንቀጥቅጦ ሾርባ ሆኗል።»

ክንዱን በወፍራም ብረት ቀየረችው። ሾርባው አልረጋም። ከሥር ድጋፍ በየደችለት፤ ባሰበት። ብረቱ በጠነከረ ቁጥር የመኪናዋን ንዝረት አንድም ሳያስቀር ወደ መስታወቱ የሚያደርስ ሆነ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አራተኛው ክንድ ሲከሽፍ፣ ልጅቷ መዶሻዋን ወርውራ ጎማ ላይ ተቀመጠች። መሐንዲስ ቢሆን ይሄኔ ስሌት ያወጣል፤ እሷ የምታውቀው ማጠንከር ብቻ ነው። እንባዋ መጣ። አባቷ እንዳያይ ፊቷን አዞረች።

ካፒቴን ግን አይቷታል። ሞተሩን አስነስቶ ወረደና ስፖኪዮው አጠገብ ተንበረከከ። ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት ጣቶቹን ፒኑ ላይ አሳረፈ።

ልጅቷ ይህን አድራጎቱን ታውቀዋለች። መስማት ካቆመ ወዲህ የሞተሩን ሕመም የሚያውቀው በእግሩ መዳፍና በመሪው ነው፤ መካኒኮቹ ገና ሳይከፍቱት የትኛው ቡሎን እንደላላ ይነግራቸዋል። እነሱም ጠንቋይ ነው እያሉ ያወራሉ። እሷ ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ተጠግታ አይታው አታውቅም ነበር። ጣቶቹ ክንዱን ይዘው ቀስ እያሉ ወጡ፣ ቆሙ፣ ትንሽ ተመለሱ፣ እንደገና ወጡ። የታመመ ሕፃን ሆድ የሚዳብስ ሰው ይመስል ነበር። መጨረሻ ላይ ከመስታወቱ ጀርባ ደረሱ፤ አውራ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ ጫን አደረገና ዓይኑን ገለጠ።

«ነይ እዪ።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ መስታወቱን አየች። መኪናዋ ከጣሪያ እስከ ጎማ ትንቀጠቀጣለች። መሪው ይርገበገባል፣ የወንበሩ ቆዳ ይርዳል፣ መሬት የወደቀው መዶሻ እንኳ ይንጫጫል። መስታወቱ ውስጥ ግን ሁሉ ነገር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግቢው፣ አጥሩ፣ ከአጥሩ ባሻገር ያለው መንገድ፣ በመንገዱ ላይ የቆመች አንዲት ፍየል ከነጢሟ። ልጅቷ አፏን ያዘች። ስንት ዓመት ከብረት ጋር ኖራ፣ ብረት እንዲህ ዝም ሊል እንደሚችል አታውቅም ነበር።

አባቷ ጣቱን አነሳ፤ ፍየሏ ተመልሳ ሾርባ ሆነች። ጣቱን መለሰ፤ ፍየሏ ቆመች።

«ጣቴ ስንት ይመዝናል?» አላት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አባዬ?»

«ከአንገቱ በታች ስታጠነክሪ ሰነበትሽ። ጭንቅላቱ ነው የቀለለው፤ ትንሽ ነገር በነካው ቁጥር ይወዛወዛል። እንዲህ ዓይነት አለቃም አይቻለሁ።» ከዚያ ወደ ፒኑ ጠቆመ። «እዚህም ይንገጫገጫል። አላልተሽዋል።»

ጠመኔ አንስታ በአውራ ጣቱ ዙሪያ አሰመረች። የመስታወቱን ጀርባ ከፍታ በምልክቱ ላይ የብረት ቁራጭ በቡሎን አሰረች። ሞከሩት፤ ክብደቱ አነሰ። ጨመረች፤ ንዝረቱ በረደ። በብረቱና በክንዱ መካከል ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አስገባች፤ ጨርሶ ጸጥ አለ። ወፍራሙን ክንድ አውጥታ የመጀመሪያውን ቀጭን ክንድ መለሰች። በፒኑ ፋንታ ደግሞ ቶርኖ ቤት ሄዳ ከላይ ወፈር፣ ወደ ታች ቀጠን ያለ አዲስ ፒን አስቆረጠች፤ እንደ ሽብልቅ ገብቶ ጥብቅ ይላል፣ ከሥር በጣት የሚዞር ዳዶ ይይዘዋል። ሲፈለግ ዳዶው ተፈትቶ በአንድ እጅ ይወጣል።

ቅዳሜ ጠዋት ተቆጣጣሪው መጣ። ሠራተኞቹ ሥራ ያላቸው መስለው አንድ ጥግ ተኮለኮሉ። ካፒቴን ጠጠሩ በበዛበት ሲነዳ ተቆጣጣሪው ከመኪናዋ ኋላ መሬት ላይ ቆሞ ጣቶቹን ያነሳል፤ ካፒቴን ደግሞ ያየውን ቁጥር በክላክስ ይመልሳል። ሦስት ጣት፣ ሦስት ክላክስ። አምስት ጣት፣ አምስት ክላክስ። ተቆጣጣሪው እጁን ጀርባው ደበቀ፤ ክላክሱ ዝም አለ። አንድም አልሳተም።

መኪናዋ ሞተሯ ሳይጠፋ ቆመች። ተቆጣጣሪው ከኋላዋ ሰባት እርምጃ ያህል ርቆ ከልጅቷ ጎን ቆመና ወረቀቱ ላይ ሳይጽፍ ቀረ።

«እጅሽ ይባረክ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግን ልቤ አልቆረጠም። ዕድሜም አለ። ሰኞ ሌላ ሾፌር እፈልጋለሁ። አባባን አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል።»

ልጅቷ ወደ አባቷ ጀርባ አየች። እንዴት ብላ ነው የምትነግረው? በየትኛው ፊቷ?

«ሰኞ ድረስ ምን አስጠበቀዎት፣ ጌታዬ?» አለ ካፒቴን ከመሪው ላይ ሳይዞር። «ዕድሜዬ እንደሆነ ዛሬም አለ።»

ተቆጣጣሪው ክው አለ። ሞተሩ እየጮኸ ነው፤ የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰው እንኳ በዚያ ርቀት ያንን ሹክሹክታ አይሰማም። ወደ ልጅቷ ዞረ። «ይሰማሉ እንዴ?»

«አልሰማሁም፤ አየሁ እንጂ» አለ ካፒቴን።

ያን ጊዜ ነው ልጅቷ የሠራችው ነገር የገባት። ጽሑፍ በመስታወት ይገለበጣል፤ አፍ ግን አይገለበጥም። ከንፈር ከፊትም ከመስታወትም ያው ከንፈር ነው፣ መስታወቱ ዝም ካለ። መኪና ብቻ እንዲያይ ብላ የሰጠችው ነገር ከጀርባው ያለውን ዓለም በሙሉ መለሰለት። ጥጉ ላይ የተኮለኮሉት ሠራተኞች እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ አፉን በመዳፉ ከደነ።

ተቆጣጣሪው ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ስፖኪዮው አዞረና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ድምፅ አላወጣም። ልጅቷ ትከሻው ሥር ቆማ አንዲት ቃል አልደረሳትም። መስታወቱ ውስጥ የአባቷ ዓይኖች ይታዩአታል፤ ትኩር ብለው አነበቡ፣ ከዚያ እርጥብ አሉ። ካፒቴን ራሱን ነቀነቀ።

ተቆጣጣሪው ሠራተኞቹን በእጁ ጠርቶ ተሳፈሩ አላቸው። ስድስቱም ዘለው ወጡ፤ ካፒቴን ማርሽ አስገብቶ ወደ ገደሉ መንገድ ነዳ።

«አባዬን ምን አሉት?» አለች ልጅቷ።

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ለእሳቸው ነው የነገርኳቸው» አላት።

ደግማ አልጠየቀችም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሰምቶ ከአባቷ ብቻ ሲቀር ኖሯል። ዛሬ የሰማው እሱ ብቻ ነው።