የቁልቁለቱ ሰላምታ

ሞተሩ የመሥሪያ ቤቱ ግቢ በር ላይ እንደገና ጠፋ። ኢክላስ ሁለት እግሯን መሬት ላይ ተክላ ቆመች፤ እጆቿ መሪውን እንደያዙ ደርቀዋል። ከኋላዋ በጎማ ገመድ በታሰረው የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ በረዶው ገጭ ገጭ ሲል ተሰማት።

"ፍሪሲዮኑን ቶሎ ትለቂዋለሽ" አለ ሙጂብ። ሙጂብ እንደ እሷ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ሞተር ያለማመዳትም እሱ ነው። "ቀስ አድርገሽ ልቀቂው እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሻል?"

"አውቃለሁ።"

"ካወቅሽ ለምን ይጠፋል?"

"ፈርቼ ነዋ!"

ሙጂብ ሊስቅ አፉን ከፈተና ፊቷን አይቶ ተወው። "ስሚኝ እቴ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቁልፉን ስጪኝና እኔ ልሂድ። ለኃላፊው አሟት ነው እላለሁ። ማን ያውቃል?"

አይ ሙጂብ! ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን በዚያች ሰዓት ከጠላት ምክር የባሰ ነበር። ምክንያቱም "እሺ" የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ኃላፊው ትናንት ቢሮው አስጠርቶ ነገሩን ያለ ዙሪያ ጥምጥም ነግሯታል፤ ወይ ዛሬ ራሷ በሞተር ጨፋ ሜዳ ወርዳ ከብቱን ትከትባለች፣ ወይ ሞተሩ ለሙጂብ ተሰጥቶ እሷ መጋዘን ትገባለች። መጋዘን ማለት ቀኑን ሙሉ የመድኃኒት ጠርሙስ ሲጠብቁ መዋል ነው። እሷ ደግሞ የተማረችው በሬ ልታክም እንጂ ጠርሙስ ልትጠብቅ አይደለም። ላም ስታምጥ እጇን እስከ ክንዷ ከትታ ጥጃ የምታወጣ ሴት፣ በሞተር ፊት እንዲህ ስትርበተበት ራሷንም ያናድዳት ነበር።

"እኔው እሄዳለሁ" አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። ሙጂብ አንዴ ደግሞ ቢለምናት በወደደች፤ እሱ ግን ትከሻውን ሰብቆ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላት።

"ቢስሚላህ በይ" አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓምና ገና ለማጅ ሳለች፣ ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ የሚታጠፈውን የጠጠር ቁልቁለት እየወረደች ነበር። እዚያ ግራር ሥር ሼህ አብዱልጀሊል ይቀመጣሉ። የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የታመመ ከብት ባዩ ቁጥር "ኢክላስን ጥሯት" የሚሉ፣ አገሬው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። "አሰላሙ አለይኩም!" አሏት። እንግዲህ በእኛ አገር የሽማግሌ ሰላምታ እንደ ባጃጅ ጥሩንባ ችላ ተብሎ አይታለፍም። ቀኝ እጅ ደረት ላይ ይሆናል፤ አንገት ጎንበስ ይላል። ኢክላስም ያደገችበትን አደረገች። ቀኝ እጇን ከፍሬኑ አንስታ ደረቷ ላይ ስታደርግ ሞተሩ ቁልቁለቱን ተንደረደረ፤ ደንግጣ የግራ እጇን ፍሪሲዮን ለቀቀችው፤ ሞተሩም ዘሎ ተነጠቃት። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው ቦይ ውስጥ በጀርባዋ ተኝታ፣ ሞተሩ እግሯ ላይ ወድቆ ጎማው ሲሽከረከር ነው። ቅልጥሟ ተሰብሮ ነበር።

አጥንቱ ድኗል። ጀሶው ከተፈታ በኋላ ሙጂብ ኳስ ሜዳ ላይ እያዞረ አለማምዷት፣ ፈተናውን አልፋ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። ኳስ ሜዳ ላይ ግን ቁልቁለት የለም፤ ሰላም የሚልም የለም። እናቷ ሀዲጃ ዛሬ ጠዋት ዱዓ አድርጋ ስትሸኛት እንኳ ዓይኗ የሚያየው እግሯን ነበር።

አስፋልቱ ላይ እንደወጣች አንድ ሲኖትራክ ከኋላዋ ጥሩንባውን ለቀቀው። ዳሯን ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ አሳለፈችው፤ ነፋሱ ከነሞተሯ ገፋት። "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ትላለች ሄልሜቱ ውስጥ። ባጃጆች ሳይቀሩ እየቀደሟት ይሄዳሉ። በባጃጅ መቀደሙ ቢያሳፍራትም፣ ሦስተኛ ማርሽ ለማስገባት ግን ማን ደፍሮ!

ከከተማው ወጣ እንዳለች ሳሚያን ከሩቅ አየቻት። ሳሚያ ወንዙ ዳር የምትኖር፣ ባለፈው ኢክላስ ላሟን ያዋለደችላት ሴት ናት፤ አህያ እየነዳች ወደ ገበያ ትመጣለች። ሰው ካገኘች ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ዝናብ ሳትጠይቅ አትለቅም። ኢክላስ ጭንቅ ጥብብ አላት። ሰላም ብትለኝ ምን ላድርግ? እጄን ባነሳ እወድቃለሁ፤ ዝም ብዬ ባልፍ ኮራች ትለኛለች። ሳሚያ ግን ሞተሩን ስታይ ሻሿን ፊቷ ላይ ጎተት አድርጋ ወደ ማሽላው ዞረች። ኢክላስን አይታታለች፤ በደንብ አይታታለች።

ቀጥሎ ወፍጮ ቤት አለ። ደጃፉ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ሁልጊዜ በኦሮምኛ "አካም ጂርታ፣ ሐኪሟ!" እያሉ ደህንነቷን ይጠይቋት ነበር። ዛሬ አንዱ ሌላውን በክርኑ ነካ አደረገውና ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወዲያ ሣር የተሸከሙ ሴቶች አገኘች። የፊተኛዋ ጀርባዋን ሰጠቻት፤ የቀሩትም ከነሸክማቸው ዞሩ።

እዚህ ላይ የኢክላስ ፍርሃት መልኩን ለወጠ። እስካሁን የምትፈራው መውደቅን ነበር፤ አሁን ግን ሰዉን ፈራች። ምን አጠፋሁ? ሴት ሆኜ ሞተር ላይ ብቀመጥ ጠሉኝ? የከተብኩት ከብት አለቀ እንዴ? ወይስ ሰው ሞቶብኝ መርዶውን ፈርተው ነው? እናቷን ደህና አድርጋ ትታት ነው የወጣችው፤ ፍርሃት ግን መቼ ይህን ያመዛዝናል! በዚህ መንገድ ሰላም ሳይባል ያለፈ ሰው መኖሩን እንጃ፤ የቀትር መንገደኛ እንኳ "ነጋ ነው? ሰላም ነው?" ይባላል። ልመለስ አለች። መዞሩ ደግሞ የመሄዱን ያህል ያስፈራታል፤ በዚያ ላይ በረዶው እየቀለጠ ነው። አለቀሰችም፣ ሄደችም።

መታጠፊያው ጋ ደረሰች። ከታች የጨፋ ሜዳ ተንጣሏል፤ ከአፋር የመጡ ግመሎችና የአገሩ ከብት ውሃው ዳር ተቀላቅለው ቆመዋል፤ ባለቤቶቹ እሷን ነው የሚጠብቁት። ቦዩም እዚያው አለ። አንደኛ ማርሽ አስገባች፤ ቀኝ እጇን ፍሬኑ ላይ አደረገች፤ ቀስ እያለች መውረድ ጀመረች።

ሼህ አብዱልጀሊል ግራሩ ሥር ነበሩ። የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ጀርባቸውን ሰጧት።

ልቧ ስብር አለ። ሌላው ሰው ይሁን፤ እሳቸውም? ዝም ብላ ብትወርድ ትችላለች። ሞተሩ ታዟል፣ ፍሬኑ ይዟል፣ ሰላም የሚላት የለም፤ ከዚህ የተሻለ ዕድል ከየት ይመጣል! ቁልቁለት መሃል ቆሞ እንደገና መነሣት ደግሞ በሕልሟም የሚያስጮኻት ነገር ነው። ግን እንዲህ ፊት ተነስታ ወርዳ የማንን ከብት ልትከትብ ነው? በሁለት እጇ ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን ጨመቀች። ሞተሩ ጠጠሩ ላይ ትንሽ ተንሸራቶ ቆመ። እግሯን ዘርግታ ሞተሩን አጠፋችው።

"ሼህ አብዱልጀሊል! ምን በድዬ ነው ጀርባ የሚሰጡኝ?"

ሽማግሌው አልዞሩም። "ዴሚ! ሂጂ ልጄ፣ አትቁሚ! ወደ እኔ አትይ!"

"አልሄድም። መንገዱ ሙሉ ፊቱን ያዞረብኝ ለምንድን ነው? ካጠፋሁ ይንገሩኝ።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ! ያጠፋሁትስ እኔ ነኝ።" ድምፃቸው ተቆራረጠ። "እግርሽን የሰበረው የእኔ ሰላምታ ነው። ትናንት ሙጂብ ደውሎ 'ነገ የምትመጣው ኢክላስ ናት፣ ብቻዋን' ሲለኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከማለዳው የሱብሂ ሰላት በኋላ ለሰዉ ሁሉ አስነገርኩ። ማንም ሰላም እንዳይላት፣ ማንም ዓይን ዓይኗን እንዳያያት፣ ልጅቷን እንዳትጨርሱብኝ አልኩ።"

ኢክላስ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ ሳይወጣ እንባ ቀደመው።

"እኔ እኮ የጠላችሁኝ መስሎኝ ነው! ወላሂ፣ ከመውደቁ የባሰ ነው ያስፈራችሁኝ!"

"አስተግፊሩላህ!" አሉና ሼሁ ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቷል።

ኢክላስ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። "አሰላሙ አለይኩም።"

"ወአለይኩሙ ሰላም። አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ? እንዴት አደርሽ፣ ልጄ? እናትሽስ? እግርሽስ?"

"ነጋ፣ አልሀምዱሊላህ። እግሬም ድኗል። ልቤ ነው ያልዳነው።"

"ፈርተሻል?"

"በጣም።"

ሽማግሌው ቁልቁለቱን አዩ፤ ቦዩን አዩ። "እንግዲያው ከታች ሰዎች ልጥራ። ሞተሩን እነሱ ገፍተው ያውርዱልሽ፤ አንቺ በእግርሽ ውረጂ። ማንም አይስቅብሽም።"

ጥሩ ሐሳብ ነበር። ኢክላስ "ጀዛከላህ" ብላ አመስግና ከሞተሩ ልትወርድ ምንም አልቀራትም። ነገም ግን ቁልቁለቱ እዚሁ ነው፤ ከነገ ወዲያም ሰዉ እዚሁ ነው። አገሩን ሁሉ ፊቱን አስዙራ እስከ መቼ ትነዳለች? ሞተሩን አስነሣች። ፍርሃቱ የትም አልሄደም። ሼሁ ይህን ሲያዩ እንደገና ሊዞሩ ሆነ።

"አይዙሩ!" አለች። "ስወርድ ይዩኝ። ደግሞ ሰላም ይበሉኝ፤ ጮክ ብለው።"

"እየነዳሽ? እዚሁ ቁልቁለት ላይ?"

"አዎ። በአፌ ብቻ ስመልስልዎ ግን ኮራች እንዳይሉኝ። እጄ ሥራ ላይ ነው።"

ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋ ለቀቀች። ሞተሩ አልጠፋም። ከቦዩ ትክክል ስትደርስ ሼሁ ሜዳው እስኪሰማ ድረስ ጮኹ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ኢክላስ!"

ቀኝ እጇ ሊነሣ ቃጣው፤ ጣቶቿ ከፍሬኑ ላይ ላላ አሉ። መልሳ አጠበቀቻቸው።

"ወአለይኩሙ ሰላም!" ብላ ጮኸች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።