በአመዱ ላይ የታተመው መዳፍ

ነሐሴ ስድስት ቀን 2013 ዓ.ም. ጠዋት መርሳ ከተማ ውስጥ፣ በጎተራዋ ያለው የቶይባ የእህል ጎታ ከአፉ እስከ እህሉ ሁለት ስንዝር ይጎድል ነበር። ማሽላው በእጅ ተደልድሏል፤ ነቀዝ እንዳይደፍረው የደረቀ የኒም ቅጠል ተቀላቅሎበታል፤ ከላይ አመድ ተነስንሶበታል። በአመዱ መሃል የቶይባ ቀኝ መዳፍ ታትሟል፣ ጣቶቹ ወደ በሩ። እህል የነካ ሰው ምልክቱን ማጥፋቱ ስለማይቀር፣ ቶይባ ከቤት ስትርቅ ሁሌም እንዲህ ታደርግ ነበር።

"ለአይጥ ብዬ ነው እንጂ ላንቺማ አይደለም" አለች እጇን እያራገፈች።

"የመርሳ አይጥ መዳፍ ማንበብ ጀመረ እንዴ?" አለች ጎረቤቷ በላይነሽ።

ሁለቱም ሳቁ። በላይነሽ ግን ሳቋን ቀድማ አቆመች። አስራ አንድ ዓመት በአንድ አጥር ኖረዋል።

ውጭ መኪናው ጥሩምባ ይነፋል። ጦርነቱ ወልድያ ደርሷል ስለተባለ ቶይባ ሦስት ልጆቿን ይዛ ወደ ደሴ መሸሿ ነው። የጎተራዋን ቁልፍ በበላይነሽ መዳፍ ላይ አድርጋ ጣቶቿን አጠፈችላት። "አደራ፣ እህቴ" አለችና ሄደች። በላይነሽ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰረችው።

ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ መርሳንም አልፎ ወደ ደቡብ ወረደ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ። መካኒኩ የበላይነሽ ባል ዘውዱ የሚጠግነው መኪና አጣ። የዘውዱ የአጎት ልጅ ሲራክ ከቆቦ በእግሩ መጥቶ ተጠጋቸው፤ ከሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ጋር ቤቱ ውስጥ አምስት ሆኑ። መስከረም ሲጋመስ የበላይነሽ እህል አለቀ።

በማግስቱ ዘውዱ ግማሽ ኩንታል ማሽላ ተሸክሞ ገባ።

"ከየት?" አለች።

"ውርጌሳ ያለ ወዳጄ አበደረኝ።"

ማሽላውን በሰፌድ ስታበጥር አንዲት ቀጭን የደረቀች ቅጠል አገኘች። ኒም ናት። በሁለተኛው ቀን ሁለት አገኘች። ውርጌሳም ኒም አለ፣ አለች ለራሷ። እጇ ግን ወደ አንገቷ ሄደ። ቁልፉ በቦታው ነው፤ አንድም ቀን ከማተቧ አልተለየም።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ሲራክን ነበር። ከሰዓት ከሰዓት በጓሮ በኩል ይጠፋል። አንድ ቀን እጁ በአመድ ነጥቶ ሲመለስ አየችው።

"ሲራክ፣ እጅህ ምን ሆነ?"

"ሳሙና ስላጣሁ ሸሚዜን በአመድ አጠብኩት፣ እትዬ።"

አጥሩ ላይ የተሰጣውን ሸሚዝ ሄዳ ዳሰሰችው። እርጥብ ነው። ይህ ግን ንጹሕ አያደርገውም፤ ሰው ሸሚዙን አጥቦም ሊሰርቅ ይችላል።

ወደ ቶይባ ጎተራ ተሻገረች። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው። ጓጉንቸሩን የያዘው ብረት በአራት ብሎን በሩ ላይ ታስሯል። በሌላው የበሩ ጠርዝ ያሉት ብሎኖች ዝገው ቀልተዋል፤ የእነዚህ የአራቱ ራስ ግን ካቻቢቴ የሚገባበት ቦታ ላይ ተፍቆ ያበራል። ካቻቢቴ ያለው በዘውዱ ዕቃ ሣጥን ውስጥ ነው። ሲራክ ደግሞ የሚተኛው ከሣጥኑ አጠገብ ነው።

በቁልፉ ከፍታ ገባች። ክር አውርዳ ለካች፤ ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት፤ ቶይባ ከተወችው አራት ጣት ጎድሏል። አመዱ እንደ አዲስ ተነስንሷል፤ መሃሉ ላይ መዳፍ አለ፣ ጣቶቹም ወደ በሩ ናቸው። በላይነሽ ጎንበስ ብላ የራሷን እጅ አኖረችበት። የቶይባ እጅ ከእሷ እጅ ያንሳል፤ ይህኛው ግን እጇን ዋጠው። የቀለበት ጣቱም ግማሽ ላይ ያበቃል።

የዘውዱን ጣት ከስምንት ዓመት በፊት የመኪና ማራገቢያ ነው የቆረጠው።

ዘውዱ ግቢ ውስጥ ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ነበር።

"ሌባ ሆነህ እንኳ የእጅህን ፊርማ ትተህ ትሄዳለህ?" አለችው።

እጁን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። "ልጆቹ ተርበው ነበር። ብነግርሽ ትከለክይኛለሽ።"

"አዎ።"

"ታዲያ አንቺስ አልበላሽም?"

በላይነሽ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች።

"ስሚኝ" አለ ዘውዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በሩን ሰብሬ እተወዋለሁ። ወታደር ገባ እንላለን። የከተማው ግማሽ ቤት ተዘርፎ የለም እንዴ? ማን ይጠይቀናል?"

ማንም አይጠይቅም። በላይነሽን ያስፈራት ይኸው ነበር።

መንካት ብታቆም ልጆቿ ይራባሉ። ብትወስድ የዘውዱ መዳፍ ይጠፋል፤ ከማተቧ ቁልፍ ያንጠለጠለችው እሷ ናትና ጉድለቱ ሁሉ የእሷ ይሆናል። ሲመሽ ክሩን ሁለት ቦታ ቋጠረችው፤ አንዱን ቶይባ በተወችበት ልክ፣ አንዱን ዘውዱ ባደረሰበት። ቋጠሮውን ለባሏ አሳየችው።

"ቶይባ ስትመጣ በሁለቱ መሃል ያለውን ጉድለት አንተ ትነግራታለህ።"

ዘውዱ ክሩን አየና ወደ ቤት ገባ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ሰው እያያት፣ በቁልፉ ከፍታ ሁለት ጣሳ ትሰፍራለች። እህሉን ደልድላ አመድ ትነሰንስና የራሷን መዳፍ ታትማለች። በሩን ከመክፈቷ በፊት ግን ሁልጊዜ አራቱን ብሎኖች ታያለች። ዘውዱ መዶሻ ባነሳ ቁጥር ጆሮዋ ይቆማል።

ታኅሣሥ ውስጥ መንገዱ ተከፈተ፤ ቶይባም ከልጆቿ ጋር ተመለሰች። በላይነሽ ባሏን አስከትላ ጎተራው ድረስ ወሰደቻት። ቶይባ አመዱ ላይ ያለውን መዳፍ አየች።

"ይህ የኔ አይደለም።"

"የኔ ነው" አለች በላይነሽ። ክሩን ወደ ጎታው አወረደች። ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት ሆነ። "ይቺ ቋጠሮ ያንቺ ናት። ከዚችኛዋ በታች ያለውን የወሰድኩት እኔ ነኝ።"

"በመሃል ያለውስ?"

በላይነሽ ወደ ባሏ ዞረች። ዘውዱ ግማሽ ጣት ያለበትን እጁን ዘረጋ። "የኔ ነው። ብሎኑን ፈትቼ ነው የገባሁት። እሷ አላወቀችም።"

"ወላሂ፣ ወታደር ወሰደው ብትሉኝ አምናችሁ ነበር" አለች ቶይባ።

"ወታደር ብሎን መልሶ አያጠብቅም" አለች በላይነሽ።

ቶይባ አልሳቀችም። እጇን ዘረጋች፤ በላይነሽ ቁልፉን ከማተቧ ፈትታ ሰጠቻት።

ዘውዱ የሀብሩ ገበሬዎችን የውሃ ሞተር እየጠገነ ዋጋውን በማሽላ ተቀበለ፤ ማሽላውን በየሳምንቱ ተሸክሞ ቶይባ ደጅ ያወርዳል። ቶይባ ዓይኗ እያየ ጎታው ውስጥ ታስገለብጠዋለች። ከበላይነሽ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም።

የካቲት ሃያ ቀን ቶይባ ለአጎቷ ለቅሶ ሦስት ቀን ሐራ ከተማ ልትቆይ ተነሳች። በበላይነሽ ደጅ ስታልፍ ቆም ብላ ቁልፉን ሰጠቻት። አደራ አላለችም።

በላይነሽ ክሩን ይዛ ገባች። ማሽላው ተደልድሏል፣ አመድም ተነስንሶበታል። በአመዱ ላይ መዳፍ የለም፤ ቶይባ በዚህ ጊዜ አላተመችበትም። ከጎታው አፍ እስከ እህሉ ለካች፤ ሁለት ስንዝር ከሁለት ጣት ነበር፤ ከቶይባ ቋጠሮ የቀረው ሁለት ጣት ብቻ ነው።